ኬ ብቻዋን ስትቆም

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ ድምፁ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ችኩል ልጅ ሲጽፍ ይጮኻል፤ የሚፈራ ልጅ ሲጽፍ ይንሾካሾካል። እኔ ዓይነ ስውር አስተማሪ ስለሆንኩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉልኝ ተማሪዎቼ ናቸው፤ የብዙዎቹን እጅ በጆሮዬ ለይቼ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓርብ ከዘጠነኛ ክፍል ልጆቼ አንዷ ተነስታ የነገርኳትን የእንግሊዝኛ ቃል ስትጽፍ፣ ጠመኔው በየፊደሉ መሃል ትንሽ ቆም እያለ፣ ግን ሳይንቀጠቀጥ፣ ረጋ ብሎ ሄደ። ክፍሉ እርጥብ ሹራብና የጠመኔ ብናኝ ይሸት ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚመጣው የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ንግግሬን አቋርጬ ዝም አልኩ። ልጆቹ ጓደኛቸው የተሳሳተች መስሏቸው ተንሾካሾኩ። አልተሳሳተችም። እጇ የእህቴን እጅ መስሎኝ ነው።

እህቴ ዛሬ ሐሙሲት ከተማ አዋላጅ ነርስ ናት። የስንቱን ሕፃን የመጀመሪያ ለቅሶ እንደሰማች እሷም አታውቀው። ሚኒባስ ውስጥ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ እሷ ማውራት ሲጀምር ደረቴ ይነፋል፤ አልደብቃችሁም። ግን በእህቴ ስኮራ ትዝ የምትለኝ ነርሷ አይደለችም። ትዝ የምትለኝ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ተማሪ ባልሆነችበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ መድረክ ላይ ጠመኔ ይዛ ዝም ያለችዋ ናት። የዚያን ዓመት ነገር ልንገራችሁ።

የተወለድነው ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ገና መራመድ ስጀምር ኩፍኝ ይዞኝ ዓይኔን ወሰደው። አባቴ ገብስና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ነበር። አንድ የጤና ባለሙያ መክሮት ዓይነ ስውራን ወደሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባኝና እዚያ ብሬል ተማርኩ። ስምንተኛን ስጨርስ የአዳሪው ነገር አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ልጅ መደበኛ ትምህርት ቤት ገብቶ መቀጠል ነበር። አባቴ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራየና ምግብ የምትሠራልኝ፣ መንገድ የምትመራኝ ታላቅ እህቴን ከእኔ ጋር ላካት።

በሁለት ዓመት ነው የምትበልጠኝ። እታለም እላታለሁ። እሷም ተማሪ ነበረች። አራተኛ ክፍልን እንደጨረሰች እናታችን ታማ ተኛች፤ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋና በዚያው ቀረች። ማንም አቁሚ አላላትም። መስከረም ሲጠባ ደብተር ሳይገዛላት ቀረ እንጂ።

ደብረ ታቦር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ክርኗን ይዤ ዳገቱን እንወጣለን፤ ድንጋይ ሲኖር ክርኗ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቦይ ሲኖር ትቆማለች፤ አፍ አውጥተን አንነጋገርም፣ ግን እንግባባለን። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ታደርሰኝና ተመልሳ ትሄዳለች። ወዲያው እንደማትሄድ ግን አውቅ ነበር። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ገብተው እስኪያልቁ ድረስ የእርምጃዋ ድምፅ አይሰማኝም።

የዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜያችን እንግሊዝኛ ነበር። አስተማሪያችን ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲራመዱ ጫማቸው ሲጥ ሲጥ የሚል፣ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው። ዓርብ ሲሆን መጽሐፉን ያስከድኑንና ጨዋታ ይጀምራሉ። አንድ ወይም ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጠሩና ያ ፊደል ያለበትን ቃል አምጡ ይላሉ። ፊደሉ መጀመሪያ ላይ ይምጣ፣ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ግድ የላቸውም። ከሁሉ ረዘም ያለውን ቃል ያመጣው ልጅ ረድፍ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክፍሉ በዚያች ሰዓት እንደ ገበያ ይጮኽ ነበር።

እኔ ለብዙ ሳምንት ዝም ብዬ ነው የሰማሁት። አንድ ዓርብ አስተማሪያችን «ዛሬ ኬ» አሉ። ልጆቹ ቡክ፣ ሚልክ፣ ማርኬት እያሉ ተንጫጩ። እኔ የምታምር ቃል ነበረችኝና እጄን አወጣሁ። ሲጠሩኝ «ኖሌጅ» አልኩ።

ከኋላዬ አንዱ ልጅ እሱ እኮ በኤን ነው የሚጀምረው ብሎ ሳቀ። አስተማሪው ዝም አሰኙት። በኬ እንደሚጀምር፣ ኬዋ ግን ድምፅ እንደሌላት፣ ይህን ቃል ከዚህ ክፍል የሚያመጣ ይኖራል ብለው እንዳላሰቡ ተናገሩ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። «በል ፊደሎቹን ጥራቸው» አሉኝ።

«ኬ» አልኩ።

«እሺ፣ ቀጥል።»

«አለቀ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጠረጴዛ የሚመታም ነበረ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሬል ወረቀት ወፍራም ነው፤ ቦታ ይበላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ብሬል ቃላትን ያሳጥራል። ፒ ብቻዋን ስትቆም ፒፕል ማለት ናት። ቪ ብቻዋን ስትቆም ቬሪ ናት። ኬ ብቻዋን፣ ግራና ቀኟ ባዶ ሆኖ ስትቆም፣ ኖሌጅ ናት፤ ዕውቀት። እኔ ያን ቃል በጣቴ የማውቀው በአንዲት ፊደል ነው። ሌሎች ስምንት ፊደሎች እንዳሉት ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አስባችሁታል? ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ አነጋገሩን አውቃለሁ፤ አካሉን ግን አላውቀውም።

ልጆቹ ሲወጡ አስተማሪው አስቀሩኝ። ጫማቸው ሲጥ ሲጥ እያለ መጥተው አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ጠየቁኝና አስረዳኋቸው።  ይህን አላውቅም ነበር አሉ፤ የዕድሜያቸውን ግማሽ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው አንድም ቀን ሰምተውት እንደማያውቁ። ከቦርሳቸው አንድ ወፍራም ነገር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ላምባ ላምባ የሚሸት መዝገበ ቃላት ነበር።

«ማን ያነብልሃል?» አሉኝ።

«እህቴ» አልኩ፤ ሳላስብ ከአፌ ወጣ።

እታለም በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ምንም አልነገርኳትም፤ ግን ክርኗን አጥብቄ ስይዝ ታውቅብኛለች። ቤት ገብተን ድንች እየላጠች ምን ሆንክ አለችኝ። ነገርኳት። እሷም እንዳትስቅብኝ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም። ድንቹን ውሃው ውስጥ ጣለችውና እጇን ጠርጋ መጽሐፉን አምጣ አለችኝ።

እንግሊዝኛ አንብባ መረዳት አትችልም ነበር። ፊደሎቹን ግን አልረሳችም። ስለዚህ አንዱን ቃል ፊደል በፊደል ትጠራልኛለች፤ እኔ አገጣጥሜ ምን እንደሆነ እነግራታለሁ። መጀመሪያ የከፈትነው ኬን ነው። ኬ፣ ኤን፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ኤል፣ ኢ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኢ። ደጋግማ ጠራችልኝ። ዘጠኝ ፊደል ተደርድሮ እንደ ከብት መንጋ ከፊቴ ሲያልፍ ተሰማኝ። መሃል ላይ ደብልዩ ምን ይሠራል አልኳት። እኔ ምን አውቄ፣ ቆሟል እንጂ አለች።

ትንንሾቹ ቢና ዲ ያስቸግሯት ነበር። አንዷ ሆዷን ወደ ፊት፣ አንዷ ወደ ኋላ አድርጋ የቆመች ናት እያለች ትነግረኛለች፤ ፊቱ የት እንደሆነ ግን ሁለታችንም አንስማማም። ዲ፣ ኦ፣ ኦ፣ ኬ ትለኛለች፤ እኔ ዱክ የሚባል ነገር ስፈልግ እቆይና ኋላ ቡክ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ በሆነ ቁጥር የምንስቀው ሳቅ ከግድግዳው ማዶ አከራያችንን ይቀሰቅሳቸዋል። አሁን ስልኬ የፈለግሁትን ቃል ፊደል በፊደል ይጠራልኛል። ቢና ዲን አንድ ቀን እንኳ አይሳሳትም። አንዳንዴ ባይሆን አንዴ ቢሳሳትልኝ እላለሁ።

ክረምትም ሆነ በጋ፣ ደብረ ታቦር ላይ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ መነጋገር አይቻልም። ያኔ እታለም ፊደሎቹን በጣቷ መዳፌ ላይ ትጽፍልኛለች። ዓይን ያለው ሰው የሚጽፋቸው ፊደሎች ቅርፃቸው ምን እንደሚመስል ያወቅሁት እንደዚያ ነው። ኤስ ኩርባ መንገድ ናት። ኤክስ ሁለት እንጨት ተጠላልፎ ነው። ጣቷ ድንች ድንች ይሸታል፣ ጫፉ ሻካራ ነው፣ ሲያልፍ መዳፌን ያሳክከኛል።

እየቆየ ንባቡ ጨዋታ ሆነ። ልብስ ስታጥብ፣ ሽሮ ስታማስል፣ ድንገት ሁለት ፊደል ትወረውርልኛለች። ኤክስና ኤፍ ስትለኝ ፎክስ እላታለሁ። ጄና ዋይ ስትለኝ ጆይ እላታለሁ። የእያንዳንዱን ትርጉም ካልነገርኳት አትለቀኝም። ከዚያ እሷም ማምጣት ጀመረች። ገበያ ወጥታ ስትመለስ ከሳሙና ልባስ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ፣ ከባጃጅ ጀርባ ላይ የለቀመችውን ፊደል በቃሏ ይዛ ትመጣለች። መንገድ ላይ ክርኗን ይዤ ስሄድ በየሱቁ በር የተጻፈውን ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራልኛለች። ሰዎች ስናልፍ ምን እንደምናወራ ሳይገባቸው ዞር ብለው ያዩን እንደነበር ነግራኛለች። ከተማው ለእኔ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ነበር፤ በእሷ ምክንያት ጽሑፍ ያለበት ከተማ ሆነ።

ከወራት በኋላ አንድ ዓርብ አስተማሪያችን ደብልዩና ጂ ያለበትን ቃል አምጡ አሉ። እጄን አወጣሁ። ኖሌጅ ስል ከኋላ አንድ ሳቅ ጀመረ። ዘጠኙን ፊደል አንድ በአንድ ጠራኋቸው፤ ሳልቸኩል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሳቁ ዲ ላይ ስደርስ ቆመ። ጂ፣ ኢ ብዬ ስጨርስ አስተማሪው በጠመኔው ሰሌዳውን አንዴ መታ አደረጉና ረድፋችንን ወደ ቤቱ ላኩት። በዚያች ሳምንት ነው ለወላጆች ቀን ውድድር የእኛን ክፍል ወክዬ እንድቀርብ የወሰኑት።

የወላጆች ቀን የሚሆነው ሰኔ ላይ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጅ ይወጣል፤ አንዱ ቃሉን ይናገራል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ለእኔ እንዲጽፍልኝ የተመደበው የክፍላችን አለቃ ነበር።

በዋዜማው አባቴ መጣ። ገና በሩ ሳይከፈት የለበሰው ባና የበግ ጠጉር ሽታ ነገረኝ። በሶ ይዞልን ነበር። ካረፈ በኋላ የመጣበትን ነገር ረጋ ብሎ አወራ። እናታችንን ጉልበቷ እንደገና ከድቷታል። ክረምቱን እታለም እንድታርፍ ሳይሆን እንድትሠራ ይፈልጓታል፤ መስከረም ላይም ወደ ደብረ ታቦር አትመለስም። ስለ እኔ ሲጠይቅ ድምፁ ዝቅ አለ። ብቻዬን መኖር እችል እንደሆነ ጠየቀኝ።  እንደማልችል እያወቀ ነው የጠየቀኝ። እስካሁን የተማርኩት ይበቃል ማለቱ እንደሆነ ለሦስታችንም ገባን። እታለም በሶውን በጥብጣ ሰጠችን። 

በማግስቱ አዳራሹ በሰው ታጨቀ። እርጥብ ጋቢና ጭቃ ይሸታል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ አግዳሚዎች ሲጢጥ ሲጢጥ ይላሉ። ተራችን ሊደርስ ሲል አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ የክፍል አለቃችን አያቱ አርፈውበት ሌሊቱን ወደ አንበሳሜ እንደሄደ ተናገረ። የሚጽፍልኝ ሰው ጠፋ። ምክትል ዳይሬክተሩ ውድድሩን የሚመሩት እሳቸው ነበሩና፣ ጸሐፊ ከሌለ መወዳደር አይቻልም አሉ። ሌላ ልጅ ተፈለገ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሳይለማመድ መጻፍ የደፈረ አልተገኘም። እኔ መድረኩ ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ። አባቴ ከኋላ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሰማል።

ያኔ ከመሃል አንድ የማውቀው ድምፅ «እኔ እጽፍለታለሁ» አለ።

አዳራሹ ዞሮ አየ መሰለኝ፤ ጫጫታው ተቋረጠ። ምክትል ዳይሬክተሩ ተማሪ መሆኗን ጠየቋት። «አይደለሁም፤ እህቱ ነኝ» አለች። ተማሪ ያልሆነ ሰው መድረክ ላይ አይወጣም አሉ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ተነሱ። ጫማቸው ሲጥ ሲጥ እያለ ወደ ፊት መጡ። ይህ ልጅ ከመጻፍ በቀር ምንም አልጎደለውም፤ የምትጽፈው እሱ የሚጠራውን ብቻ ነው፤ አፏን ከከፈተች ሁለቱም ይውጡ አሉ። ምክትል ዳይሬክተሩ ጥቂት አሰቡና ወደ እሷ ዞረው «ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት። እሺ አለች።

ክርኗን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ከአስተማሪዎች ማረፊያ ተነቅሎ የመጣ የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ነበር፤ ጊዜ የሚለካበት ነው። ሲቆጥር ይሰማኛል። ምክትል ዳይሬክተሩ ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ፊደል እያወጡ ይጠራሉ፤ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ግማሽ ደቂቃው ሲሞላ የራሱን ቃል ያላመጣ ይወድቃል።

የመጀመሪያዎቹ ቀላል ነበሩ። እኔ ፊደሎቹን እጠራለሁ፤ ከጀርባዬ የእታለም ጠመኔ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይሄዳል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ በዚያ ድምፅ ላይ ቆሜ ነበር፤ እግሬ መድረኩን አልነካም። ከየክፍሉ የመጡት አንድ በአንድ ወረዱ። እየቆየ ፊደሉ ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አለ። ኤች፣ ዋይና ኤም ሲባል እጄን አወጣሁና «ሪዝም» አልኩ፤ ምት ማለት ነው፤ አር፣ ኤች፣ ዋይ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኤም። ያን ቃል እኔና እታለም አንድ የዝናብ ቀን አግኝተነው፣ ኤ የለው ኢ የለው አይ የለው፣ ያለ አናባቢ እንዴት ይቆማል ብለን ስንደነቅበት ቆይተናል። ጠመኔው መጨረሻዋን ፊደል ጽፎ ሲቆም አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ከጭብጨባው መሃል የአባቴን ሳል ለየሁት። 

በመጨረሻ ሁለት ቡድን ቀረን፤ እኛና ከሌላ ክፍል የመጣች እንግሊዝኛ የምትችል ልጅ። ምክትል ዳይሬክተሩ «ኪው እና ዜድ» አሉ። የውድድሩ ስም የሆነው ኩዊዝ አይቆጠርም ብለው ጨመሩ።

ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ኪው ያለባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ነካካኋቸው፤ ዜድ የላቸውም። ዜድ ያለባቸውን ነካካኋቸው፤ ኪው የላቸውም። ከጀርባዬ ጠመኔው ዝም ብሏል። የእታለም አተነፋፈስ ግን ይሰማኛል። አንድ ጊዜ በረጅሙ ሳበችና ያዘችው። አላወጣችውም። ልክ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ያቺ ልጅ እጇን አወጣችና ስኩዊዝ አለች፤ መጭመቅ። ፊደሎቹን ሳትሳሳት ጠራቻቸው። ተሸነፍን።

ልጅቷ እጄን ጨበጠችኝ፤ ሪዝምን በሕይወቷ እንደማታስባት ነገረችኝ። ሕዝቡ ወጣ። አግዳሚ ሲጎተት፣ ውጭ ዝናብ ሲያካፋ ይሰማል። አባቴ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። አስተማሪያችንም መጥተው አይዞህ አሉኝ። እታለም እስካሁን ጠመኔውን አላስቀመጠችም።

«ሰዓቱ ላይ ተጽፏል» አለች በቀስታ።

ምኑ ነው የተጻፈው አልኳት።

«ኪው፣ ዩ፣ ኤ፣ አር፣ ቲ፣ ዜድ።»

አስተማሪው ሰዓቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱት። ኳርትዝ አሉ፤ የድንጋይ ዓይነት ነው፣ በሰዓት ውስጥ የሚገባ፤ ብዙ ሰዓት ላይ ይጻፋል። ፊቱ ወደ ሰሌዳው፣ ሰዓት ወደሚይዙት ምክትል ዳይሬክተርና ወደ ጸሐፊዎቹ ዞሮ ነበር፤ ጽሑፉን ልብ ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት። አባቴ ነገሩ ስላልገባው ጠየቀ፤ አስተማሪውም በቀላል አማርኛ አስረዱት፤ እሷ ገና ጊዜው ሳያልቅ መልሱን አይታው እንደነበር፣ ብትናገር ግን ሁለታችንም እንደምንወጣ።

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። «ሹክ ብትዪው ማን ይሰማ ነበር?» አላት።

«ማንም አይሰማም፤ አባ» አለች። «ግን ከዚያ ወዲያ ያሸነፈውን ሁሉ በእህቱ ዓይን ነው ይሉት ነበር። የመለሰው ሁሉ የራሱ ነው።»

 አስተማሪው ሰዓቱን ሲያስቀምጡት ቀስ ብሎ ጠረጴዛውን ነካ። እኔ ያን ቀን ዋንጫ ባመጣ፣ ስሜ በአዳራሹ ቢጠራ፣ ያን ያህል ቀና ብዬ መሄዴን እንጃ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን ድረስ በዝናቡ ውስጥ ስንወርድ አንገቴን አልሰበርኩም።

ማታ ቅቅል ድንች በበርበሬ እየበላን አባቴ ያን የሰዓቱን ቃል ድገሚልኝ አላት። ጠራችለት። እንደገና አላት። እንደገና ጠራችለት። ሲያኝክ ቆየና፣ ስንት ዓመት ሆነሽ ከትምህርት ከቀረሽ አላት። ነገረችው።

«መስከረም ላይ ተመለሱ» አለ በኋላ። «አንቺም ተመዝገቢ።»

እናታችንስ አለች እታለም። «እናታችሁ እኔ አለሁላት» አለ። ቀጥሎ ስለ ዘር፣ ስለ ዝናቡ መብዛት ማውራት ጀመረ፤ ነገሩ በዚያው ተወሰነ።

ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። የሚቀበላት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ነው የሚያስገባት፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ትምህርት ቤት ተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ የሚገባበት ሰዓትም አንድ ነው። ማን እንደሚመራኝ ማንም አላነሳውም። አባቴ ግን ክረምቱን ሙሉ አገር ቤት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከወይራ በትር ሲቀርጽ ሰማሁት። ሲጨርስ እጄ ላይ አኖረውና ቁመቱ ይበቃህ እንደሆነ አለኝ። ልክ ነበር። ሲጠርበው፣ ሲያለሳልሰው በየት በየት እጄ እንደሚያርፍ አስቦበታል።

ትምህርት ሳይከፈት ቀድመን ደብረ ታቦር መጣን። እታለም መንገዱን አስጠናችኝ። መጀመሪያ አጠገቤ፣ ከዚያ ከኋላዬ፣ ከዚያ ከሩቅ ሆና ትከተለኛለች። እዚህ ቦይ አለ፤ እዚህ ባለ ጋራዡ ጎማ ሲነፋ ትሰማለህ፤ ከሱ ቀጥሎ መንገዱ ይታጠፋል። ስሳሳት አትናገርም፤ እስካገኘው ትጠብቃለች።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አብረን ወጣን። አዲስ የተሰፋ ዩኒፎርሟ ገና የጨርቅ ሽታው አልለቀቀውም። አሥራ ስምንት ዓመቷን ጨርሳ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ልትቀመጥ ነው፤ አፍራ እንደሆነ ጠየቅኳት። ለምን አፍራለሁ፣ እኔ እኮ ዱክና ቡክን ለይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ አለች። መንገዱ የሚለያይበት ጋ ስንደርስ ቆመች። ክርኗን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። ሂድ አለችኝ። አንቺ ቀድመሽ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል አልኳት። እኔ መሄድ ካልጀመርኩ እንደማትሄድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እጄን አነሳሁና በትሩን ወደ ፊት አደረግሁ። ዳገቱን ጥቂት ወጣሁ።

ከታች፣ ከእሷ ትምህርት ቤት በኩል፣ ደወል ተደወለ። ወዲያው ጭቃው ላይ የሚሮጥ እግር ሰማሁ። እህቴ ካደግን ወዲህ ስትሮጥ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ ክርኗ ላይ ሳለሁ የምትሄደው በእኔ እርምጃ ነው። ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁት፤ ከዚያ ወደ ዳገቱ ዞርኩ።